የወረፋን ሕግ ያገኘው ሰው፦ የአግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ሕይወትና ሥራ



የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነሣ ቀድመው ትዝ የሚሉን ነገሥታት፣ የጦር መሪዎችና አገር አሳሾች ናቸው። ከሳይንስ ሰዎችም መካከል ስማቸው በሕዝብ አፍ የሚጠራው አዲስ መድኃኒት ያገኙት ወይም አዲስ መሣሪያ የፈለሰፉት ናቸው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ግን የታወቀው በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የወረፋን ሕግ በማግኘቱ ነው። ቮልትና ዋት ከሰው ስም ተወስደው የኤሌክትሪክ መለኪያ እንደሆኑ ሁሉ፣ ኤርላንግም የስልክ መሐንዲሶች የመስመርን የሥራ ብዛት የሚለኩበት ስም ሆኖ በዓለም ዙሪያ በየቀኑ ይጠራል።

የዚህን ሰው ታሪክ ለመጽሔታችን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ በባዕድ አገር የምንማር ኢትዮጵያውያን አብዛኞቻችን አምስትና ስድስት ሆነን በአንድ ቤት እንኖራለን፤ የኢንተርኔቱንም ወጪ ተካፍለን በአንድ መስመር እንጠቀማለን። ማታ ሁሉም ከትምህርት ሲመለስ፣ ይልቁንም በረመዳን ወር ከኢፍጣር በኋላ፣ መስመሩ ይጨናነቃል። አንዱ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ድምፁ ይቆራረጥበታል፤ ሌላው የትምህርት ፊልም ያወርዳል፤ ሦስተኛዋ የጨረሰችውን ጽሑፍ ለመምህሯ ትልካለች። ከዚያ ወቀሳ ይጀመራል፤ አንዳንድ ጊዜም መኮራረፍ ይከተላል። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ከመቶ ዓመት በፊት ኤርላንግ የዚህን ጥያቄ ወንድም ጠይቆ መልሱን በስሌት አስቀምጦልን አልፏል። መልሱ ከወቀሳ ይልቅ ለመስማማት የሚረዳ በመሆኑ ታሪኩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ኤርላንግ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 በዴንማርክ ምዕራባዊ ክፍል በዩትላንድ፣ ሎንቦርግ በተባለች የገጠር መንደር ነው። አባቱ ሐንስ ኒልሰን ኤርላንግ የመንደሩ መምህርና የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። እናቱ ማግዳሌነ ክራሩፕ ከካህናት ወገን የተወለደች ስትሆን፣ ከቅድመ አያቶቿ አንዱ ቶማስ ፊንከ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ነው። ፊንከ በ1583 ባሳተመው መጽሐፍ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምንማራቸውን ታንጀንትና ሴካንት የተባሉትን ቃላት ያስተዋወቀ ሰው ነው።

አግነር አንድ ታላቅ ወንድምና ሁለት ታናናሽ እኅቶች ነበሩት። ከልጅነቱ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ የሚያስደንቅ ነው። ማታ ማታ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ መጽሐፍ ያነቡ ነበር፤ ወንድሙ መጽሐፉን በቀጥታ ይዞ ሲያነብ አግነር ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ የተገለበጠውን ጽሑፍ ያነብ ነበር። አንድን ነገር ለሁለት መጠቀም ለእርሱ ገና በልጅነቱ የተለመደ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። ከሁሉም ይበልጥ የሚወደው የከዋክብትን ትምህርት ነበር፤ ስለ ሰማይ አካላትም ግጥም ይጽፍ ነበር።

በ14 ዓመቱ ወደ ኮፐንሃገን ሄዶ ለዩኒቨርሲቲው የሚያዘጋጀውን ፈተና ተፈተነ። ዕድሜው ስላልደረሰ በልዩ ፈቃድ ነበር የተቀመጠው፤ ነገር ግን በከፍተኛ ውጤት አለፈ። ከዚያ ወደ መንደሩ ተመልሶ በአባቱ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ረዳት መምህር ሆነ፤ በዚሁ ጊዜ ፈረንሳይኛና ላቲን ተማረ። ቤተሰቡ በቂ ገንዘብ ስላልነበረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የቻለው በ1896 የነፃ ትምህርት ዕድል በማግኘቱ ነው። ማደሪያና ቀለብም ያገኘው ሬገንሰን በተባለው፣ ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ በ1623 ችግረኛ ለሆኑ ተማሪዎች ባቋቋመው የተማሪዎች ቤት ነበር። በስኮላርሺፕ የምንማር ሁሉ ይህን ኑሮ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን።

በ1901 ሒሳብን ዋና ትምህርቱ አድርጎ፣ ከዚሁ ጋር አስትሮኖሚን፣ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ተምሮ ተመረቀ። ከዚያም በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ዓመታት አስተማረ። ጥሩ መምህር ነበር፤ ሐሳቡ ግን ከምርምር አልተለየም። በ1904 ሁይገንስ የተባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ስለሠራቸው የሒሳብ ጥያቄዎች ጽፎ ባቀረበው ጽሑፍ ከዩኒቨርሲቲው ምስጋና አገኘ።

ወደ ስልክ ኩባንያው መግባቱ

በዴንማርክ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባዎች ላይ ኤርላንግ ዘወትር ይገኝ ነበር። በዚያም ዮሐን ዬንሰን ከተባለ ሰው ጋር ተዋወቀ። ዬንሰን በስሙ የሚጠራ ዝነኛ የሒሳብ ሕግ ያለው ሊቅ ሲሆን፣ እንጀራው ግን የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስነት ነበር። እርሱም ኤርላንግን ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ለፍሬድሪክ ዮሐንሰን አስተዋወቀው። ዮሐንሰን አንድ ነገር ሲያሳስበው የቆየ ሰው ነበር፤ ይኸውም ደንበኞች መስመር እስኪያገኙ የሚጠብቁት ጊዜ ነው። ስለዚሁም ጉዳይ እርሱ ራሱ ጽፎ ነበር። በመሆኑም በ1908 ኤርላንግን በ30 ዓመቱ የኩባንያው የሳይንስ ባልደረባና የላቦራቶሪ ኃላፊ አድርጎ ቀጠረው።

ኃላፊ ይባል እንጂ መጀመሪያ ላይ ከሥሩ የሚያዝዘው ሠራተኛ አልነበረውም። ከመሬት በታች በተቀበሩት የስልክ ገመዶች አካባቢ ያለ ቦታው የሚፈስሰውን ኤሌክትሪክ መለካት ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። ስለሆነም ይህ የሒሳብ ሊቅ፣ መሰላል የተሸከመ አንድ ሠራተኛ አስከትሎ በኮፐንሃገን ጎዳናዎች ሲዘዋወርና መንገድ ሥር ወዳሉት የገመድ ጉድጓዶች ሲወርድ ይታይ ነበር።

በዚያን ዘመን ስልክ የሚገናኘው በሰው እጅ ነበር። ደዋዩ መነጋገሪያውን ሲያነሣ ከማዞሪያው ጣቢያ የተቀመጠች ስልክ አዞሪ ታነጋግረዋለች፤ የሚፈልገውን ቁጥር ጠይቃ ገመዱን በሰሌዳው ቀዳዳ ትሰካለታለች። ሁሉም አዞሪዎች ወይም ሁሉም መስመሮች ከተያዙ ደዋዩ ይጠብቃል ወይም ይመለሳል። ኩባንያው ብዙ መስመርና ብዙ ሠራተኛ ቢያዘጋጅ ወጪው ይበዛል፤ ጥቂት ቢያዘጋጅ ደንበኛው ይማረራል። ስንት ይበቃል? እስከዚያ ጊዜ ድረስ መልሱ በግምትና በልምድ የሚሰጥ ነበር።

የ1909 ጽሑፍ፦ ሥርዓት በሌለው ውስጥ ሥርዓት

ኤርላንግ ሥራውን የጀመረው በመቁጠር ነው። ሰዎች ስልክ የሚደውሉት እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ ነው፤ አንዱ ስለ ንግድ፣ ሌላው ስለ ታመመ ዘመድ ይደውላል። እንዲህ በዘፈቀደ የሚመጣ ነገር ሕግ ይኖረዋል ብሎ ማን ይገምታል? ኤርላንግ ግን በ1909 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዘፈቀደ የሚደወሉ ጥሪዎች ፈረንሳዊው ሊቅ ፑዋሶን ቀደም ብሎ ያገኘውን የስርጭት ሕግ እንደሚከተሉ አሳየ።

ነገሩን በሕክምና ምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በአማካይ በሰዓት 3 ሕሙማን ይመጣሉ እንበል። አማካዩ 3 ነው ማለት በየሰዓቱ ሦስት ሦስት ይመጣሉ ማለት አይደለም። በሕጉ መሠረት ከ100 ሰዓታት በ5ቱ ያህል አንድም ሰው አይመጣም፤ በ8ቱ ያህል ደግሞ 6 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ይመጣሉ። በእነዚያ 8 ሰዓታት ተረኛው ሐኪም ሲዋከብ፣ ሕሙማኑም ሲቆጡ እናያለን። ይሁን እንጂ በከተማው አዲስ ወረርሽኝ አልገባም፤ ማንም ሰው ደባ አልሠራም። በዘፈቀደ የሚመጣ ነገር ባሕርዩ ይኸው ነው፤ አንዳንዴ ይሳሳል፣ አንዳንዴ ይከማቻል። ስንት ጊዜ እንደሚከማች ግን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ኤርላንግ ለዓለም ያበረከተው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

የ1917 ጽሑፍ፦ ስንት መስመር ይበቃል?

ከስምንት ዓመታት በኋላ፣ የስልክ ማዞሪያ በሰው እጅ መሆኑ ቀርቶ ወደ አውቶማቲክ መሣሪያ መሸጋገር በጀመረበት ጊዜ፣ ኤርላንግ ዋናውን ሥራውን አሳተመ። በዚህ በ1917 ጽሑፉ ሁለት ነገሮችን በስሌት አስቀመጠ። አንደኛው፣ መስመሩ ሁሉ ሲያዝ ደዋዩ የሚመለስ ከሆነ ከመቶ ስንቱ እንደሚመለስ የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው፣ ደዋዩ ተራ የሚጠብቅ ከሆነ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ነው።

መለኪያውን እንመልከት። አንድ መስመር ሰዓቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ከተያዘ የተሸከመው ሥራ 1 ኤርላንግ ይባላል። ለምሳሌ በሰዓት 30 ጥሪዎች እያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ የሚፈጁ ከሆነ ሥራው 1 ኤርላንግ ነው። በተራ ሒሳብ ለዚህ አንድ መስመር የሚበቃ ይመስላል፤ 30 ጊዜ 2 በትክክል 60 ደቂቃ ነውና። በኤርላንግ ስሌት ግን አንድ መስመር ብቻ ካለ ከደዋዮቹ ግማሹ መስመር ተይዞ ይመለሳል። ሁለት መስመር ሲሆን የሚመለሰው ከመቶ 20 ይሆናል፤ ሦስት ሲሆን ከመቶ 6 ያህል፤ አራት ሲሆን ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ለአንድ መስመር ሥራ አራት መስመር ማዘጋጀት ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ደዋዩ ሳይመለስ እንዲገናኝ የሚያደርገው ያ ባዶ የሚመስለው ትርፍ ነው።

ከዚሁ ስሌት ሌላ ትልቅ ቁም ነገር ይወጣል። 1 ኤርላንግ ሥራ በ1 መስመር ሲስተናገድ ግማሹ ይመለሳል ብለናል። 10 ኤርላንግ ሥራ በ10 የጋራ መስመሮች ቢስተናገድ ግን የሚመለሰው ከመቶ 21 ያህል ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር የደረሰው ሥራ በሁለቱም ዘንድ እኩል ነው፤ ልዩነቱ መስመሮቹ በጋራ መሆናቸው ብቻ ነው። አሥር ሰዎች አሥር መስመር ተከፋፍለው ለየብቻ ከሚይዙ ይልቅ አሥሩንም በጋራ ቢጠቀሙ ሁሉም ይጠቀማሉ።

የመጠበቁም ሕግ ከዚህ ያላነሰ ትምህርት አለው። በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል አንድ ጸሐፊ ለአንድ ሰው በአማካይ 1 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። ጸሐፊው ከጊዜው ግማሹን ብቻ ሥራ ላይ ከሆነ፣ አንድ ሕመምተኛ ወረፋውን ጨምሮ በአማካይ 2 ደቂቃ ይቆያል። ሥራው 80 በመቶ ሲደርስ ቆይታው 5 ደቂቃ ይሆናል፤ 90 በመቶ ሲደርስ 10 ደቂቃ፤ 95 በመቶ ሲደርስ 20 ደቂቃ። ከ90 ወደ 95 የተጨመረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ቆይታው ግን እጥፍ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ወደ መያዝ በተጠጋን ቁጥር ወረፋው መጨረሻ ያጣል። ይህ እንግዲህ ከጸሐፊው ስንፍና ወይም ከሕመምተኞቹ ችኮላ የመጣ አይደለም፤ የስሌቱ ጠባይ ነው።

ኤርላንግ እነዚህን ጽሑፎች የጻፈው በዴንማርክ ቋንቋ ነበር። ቋንቋው የጥቂት ሚሊዮን ሰዎች ቋንቋ ነው፤ ሥራው ግን በዚያ ተወስኖ አልቀረም። ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ጀርመንኛ ተተረጎመ፤ የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤትም የመስመሮቹን ብዛት ለመወሰን ስሌቱን ተቀበለ። በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ አንድ ተመራማሪ የኤርላንግን ጽሑፎች በመጀመሪያ ቋንቋቸው ለማንበብ ሲል የዴንማርክን ቋንቋ እንደተማረ ይነገራል። ቁም ነገር የያዘ ጽሑፍ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ አንባቢ እንደማያጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጠባዩና ሞቱ

ኤርላንግ ሚስት አላገባም። ብዙ ጊዜ እስከ ሌሊት ድረስ ይሠራ ነበር፤ የሒሳብ፣ የአስትሮኖሚና የፊዚክስ መጻሕፍትን ሰብስቦ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አቋቁሟል። ታሪክ፣ ፍልስፍናና ግጥምም ይወድ ነበር። ከመናገር ይልቅ ማዳመጥ የሚቀናው፣ ሲናገርም ቃላቱን የሚመጥን ሰው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚወሳለት ግን ደግነቱ ነው፤ የቸገራቸው ሰዎች ወደ ላቦራቶሪው ድረስ እየመጡ ይጠይቁት ነበር፤ እርሱም ሳያሳይና ሳያስወራ ይረዳቸው ነበር።

በኩባንያው ወደ 20 ዓመት ገደማ ሲያገለግል በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም ይባላል። በጃንዋሪ 1929 ግን ለሆድ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገባ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ፌብሯሪ 3 ቀን 1929፣ በ51 ዓመቱ ዐረፈ። ያ ዘመን ፔኒሲሊን ገና ለሕክምና ያልዋለበት፣ የሆድ ቀዶ ጥገና ዛሬ ከምናውቀው እጅግ አስጊ የነበረበት ዘመን መሆኑን ሕክምና የምንማር ሁሉ እንረዳዋለን።

ስሙ ግን አልሞተም። በ1946 የዓለም አቀፉ የረጅም ርቀት ስልክ አማካሪ ኮሚቴ ኤርላንግ የሚለውን ስም የመስመር ሥራ መለኪያ አድርጎ ተቀበለ። በ1948ም ሥራዎቹ ከሕይወት ታሪኩ ጋር ተሰብስበው በኮፐንሃገን በእንግሊዝኛ ታተሙ።

ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር መረብ

ኤርላንግ ኮምፒዩተር አላየም። ነገር ግን የኮምፒዩተር መረብ ሲታሰብ የመሠረት ድንጋዩ የእርሱ ሥራ ሆኖ ተገኘ። በኮምፒዩተር መረብ ውስጥ መልእክት የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተቆራርጦ ነው። ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲተላለፍ እያንዳንዱ ፓኬት ተራ ይጠብቃል፤ ማለትም በየመገናኛው ወረፋ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሌናርድ ክላይንሮክ በአሜሪካ በኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የወረፋን ትምህርት ለእንዲህ ዓይነቱ መረብ አዋለ፤ ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በአርፓኔት ላይ የመጀመሪያው መልእክት ከእርሱ ላቦራቶሪ ተላከ።

መረቡ ሲያድግ የኤርላንግ ሕግ በተግባር ታየ። በኦክቶበር 1986 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ በሁለት ቅርብ ተቋማት መካከል በሴኮንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረው መገናኛ ከመጨናነቁ የተነሣ ወደ 40 ቢት ወረደ። ላኪዎቹ ማሽኖች መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ ፓኬት ደጋግመው ይልኩ ስለነበር መጨናነቁን ራሳቸው ያባብሱት ነበር። ቫን ጃኮብሰን መፍትሔውን በ1988 አሳተመ፤ በዚህም መሠረት ላኪው ፓኬት መጥፋቱን ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ1993 ደግሞ ተመራማሪዎች የኮምፒዩተር መረብን ጉዞ በዝርዝር ለክተው፣ ከስልክ ጥሪ ይበልጥ በአንድ ጊዜ የሚከማች መሆኑን አሳዩ። ይህም ማለት በኮምፒዩተር መስመር ላይ የሚተወው ትርፍ ኤርላንግ ካሰበው በላይ መሆን አለበት ማለት ነው።

በቤታችን መስመር ላይ

አሁን ወደ ተማሪው ቤት እንግባ። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ወስዶ ሊኑክስ በመጫን ራውተር ማድረግ ይቻላል፤ በገበያ ከሚሸጡትም ትናንሽ ራውተሮች ብዙዎቹ በውስጣቸው ሊኑክስ አለባቸው። በ1999 በወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.2 ውስጥ የሩሲያው ተወላጅ አሌክሲ ኩዝኔትሶቭ ያዘጋጀው የወረፋ መቆጣጠሪያ ይገኛል፤ ይህም ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ መጥቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሞደሙ ነው። ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ቢት ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆንና ሞደሙ 1 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ማቆያ ቢኖረው፣ አንዱ ትልቅ ፋይል ሲልክ ማቆያው ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚደርስ የድምፅ ፓኬት ተራው እስኪደርስ 8 ሴኮንድ ይጠብቃል ማለት ነው። በስልክ ንግግር ግን የአንድ ወገን መዘግየት ከአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ 150 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። 8 ሴኮንድ የዘገየ ድምፅ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የመስመሩ እውነተኛ ፍጥነት ተለክቶ 4 ሚሊዮን ቢት ቢሆን፣ ራውተሩ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ እንዳይልክ ይታዘዛል። ፍጥነትን በገዛ ፈቃድ መቀነስ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወረፋው ከማናዝዝበት ከሞደሙ ወጥቶ ወደምናዝዝበት ወደ ራውተራችን የሚመጣው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ያቺ የቀነስናት አንድ አሥረኛ የኤርላንግ ትርፍ መሆኗን ልብ ይሏል።

ቀጥሎ ወረፋው በክፍል ይከፈላል። በ2002 ወደ ሊኑክስ የገባው ኤች ቲ ቢ የሚባለው ዘዴ ለእያንዳንዱ ክፍል የማይነካ ድርሻና ሊያልፈው የማይችለው ጣሪያ ይሰጣል። ለምሳሌ ለድምፅ ንግግር 600 ሺሕ ቢት፣ ለተራው የገጽ ንባብና ለደብዳቤ 2 ሚሊዮን፣ ለትልልቅ ፋይሎች 1 ሚሊዮን ቢመደብ ድምሩ 3.6 ሚሊዮን ይሆናል። አንዱ ክፍል ድርሻውን ካልተጠቀመበት ሌሎቹ ይበደሩታል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይመልሱለታል። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ አንድ ሰው ብቻ ፋይል ቢልክ 3.6 ሚሊዮኑን ሙሉ ያገኛል። አሥር መስመሮችን በጋራ መያዝ ይሻላል የተባለው የ1917 ስሌት እዚህ ላይ በሥራ ተተርጉሟል።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። ቅድሚያ መስጠት ወረፋን አያጠፋም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ። ይህም በስሌት የተረጋገጠ ነው፤ በ1954 አላን ኮብሃም የቅድሚያን ወረፋ ካሰላ በኋላ፣ ክላይንሮክ በ1960ዎቹ አንዱ ክፍል ያተረፈውን ጊዜ ሌላው እንደሚከፍለው አሳየ። ስለዚህ ቅድሚያ መሰጠት ያለበት ጥቂት ለሚወስደውና መጠበቅ ለማይችለው ነው። አንድ የድምፅ ንግግር ወደ 100 ሺሕ ቢት ያህል ይፈልጋል። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ ቤተሰቦቻቸው ቢደውሉ 300 ሺሕ ይሆናል፤ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ፋይል የሚልከው ሰው ሥራው ከ10 ደቂቃ ወደ 11 ደቂቃ ቢገፋበት ብዙም አይጎዳም፤ የደዋዩ ንግግር ግን ይድናል። በድንገተኛ ክፍልም ደም የሚፈስሰውን አስቀድመን ጉንፋን የያዘውን የምናቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁሉም ቅድሚያ ይሰጠኝ ካለ ግን ቅድሚያ የሚባል ነገር አይኖርም። ለዚህም ሲባል ለድምፁ ክፍል 1 ሚሊዮን ቢት ጣሪያ ማበጀት ይገባል።

በየክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ በሊኑክስ የሚገኘው ኤፍ ኪው ኮዴል የተባለው ዘዴ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ጉዞ የተለየ ወረፋ ያበጃል፤ በየተራም ያስተናግዳል። የወረፋው መዘግየት ከአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ 5 በላይ ሆኖ ለ100 ያህል ከቆየ አንዳንድ ፓኬት ይጥላል። ላኪውም በጃኮብሰን ዘዴ መሠረት መጥፋቱን አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከውጭ ወደ ቤት በሚገባው ላይ ያለን ሥልጣን አነስተኛ ነው፤ ወረፋው በሌላ ሰው ማሽን ላይ ነውና። ቢሆንም የሚገባውንም ከመስመሩ ፍጥነት ጥቂት ዝቅ አድርጎ በመገደብ ላኪዎቹ እንዲቀንሱ ማድረግ ይቻላል።

ይህን ሁሉ ማሽኑ ይሠራል፤ ማን ይቅደም የሚለውን ግን ማሽኑ አይወስንም። እርሱን ለመወሰን የቤቱ ሰዎች አንድ ማታ ተቀምጠው መነጋገር አለባቸው። ከመነጋገራቸውም በፊት ልክ እንደ ኤርላንግ መቁጠር ይጠቅማቸዋል፤ መስመሩ በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚያዝ አንድ ሳምንት ቢመዘግቡ አብዛኛው ወቀሳ በዚያው ይቀራል። ትልቅ መስመር ለመግዛት ገንዘብ ከማዋጣትም በፊት መደረግ ያለበት ይኸው ነው።

ለነገው ሥራችን

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤ የኤርላንግ ትምህርት ከራውተር ያልፋል። የሆስፒታል አልጋ፣ አምቡላንስ፣ የቀዶ ጥገና ክፍል ሁሉ ወረፋ አለባቸው፤ የአልጋንም ቁጥር ለስልክ መስመር በተሠራው በ1917ቱ ስሌት ማስላት ይቻላል። በአማካይ 10 ሕሙማን በሚያስተኛ ክፍል 10 አልጋ ብቻ ቢዘረጋ፣ ከመጡት ከአምስቱ አንዱ ቦታ አጥቶ ይመለሳል። የስልክ ደዋይ ቢመለስ ቆይቶ ይደውላል፤ ምጥ ላይ ያለች እናት ግን ቆይታ ልትመለስ አትችልም።

ወደ አገራችን ተመልሰን ኃላፊነት ስንቀበል፣ በአንድ ወቅት ባዶ የሆነ አልጋ አይቶ ይህ ብክነት ነው የሚል ሰው ያጋጥመን ይሆናል። ያን ጊዜ ቁጥሩን አስቀምጠን ማስረዳት የእኛ ፈንታ ነው። ያ ባዶ አልጋ ገና ያልመጣችው እናት አልጋ ነው።